አንድ ጤና በአዲስ አበባ

አንድ ጤና የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤንነት ሳይነጣጥል የሚመለከት አሠራር ሲሆን፣ አንዱ ዋና ሥራው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን መቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በአንድነት ተቀምጠው የእብድ ውሻ በሽታን፣ አባ ሰንጋን፣ ብሩሴሎሲስን (ከብትን የሚያስወርድ የባክቴሪያ በሽታ)፣ ሌፕቶስፓይሮሲስን (በእንስሳት ሽንት የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ) እና ኤኪኖኮኮሲስን (ከውሻ ትል የሚመጣ በሽታ) ቅድሚያ የሚሰጣቸው ብለው ለይተዋል። በብሔራዊ ደረጃ ሥራውን የሚያስተባብረው ኮሚቴ የጤናን፣ የግብርናን፣ የአካባቢ ጥበቃንና የዱር እንስሳትን መሥሪያ ቤቶች ያገናኛል።

ከአምስቱ በሽታዎች መሐል በአዲስ አበባ ነዋሪ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ ክትባቱም ወዲያው ይጀመርለታል። ክትባቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ግን የሐኪሙ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ውሻው ሳያመልጥ ከተያዘ በእንስሳት ሐኪም ዓይን ሥር 10 ቀን ይቆያል፣ ከሞተም አንጎሉ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ለዚህ ምርመራ የታወቀው፣ ከፒያሳ በስተሰሜን ምዕራብ ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሰፈሩ ዛሬም «ፓስተር» ይባላል፤ ስያሜው የመጣው ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ሉዊ ፓስተር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው የሰጠ ሳይንቲስት መሆኑ ግጥምጥሞሹን ያሳምረዋል። እዚያው ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውና ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረው የድሮ ክትባት ከብዙ ቤተሰብ ትዝታ አልጠፋም።

የሰው ክትባት ግን ነፍስ ያድናል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚመጣው ከውሻ በመሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 70 በመቶ ውሾች እንዲከተቡ ይመክራል፤ ባለቤት የሌለውን ውሻ ይዞ መከተብ ደግሞ ያለ ከተማ አስተዳደሩና ያለ ነዋሪው ትብብር አይሆንም።

ኤኪኖኮኮሲስ ብዙም አይወራለትም፤ ለበዓል ሰሞን ግን ከሁሉም የቀረበ ነው። ቄራ የታረደ ከብት በሥጋ መርማሪ ይታያል፤ በየግቢው የሚታረደው በግና የቅርጫው በሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንን ዓይን ያመልጣሉ። በሳንባና በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ ለቤት ውሻ መወርወር የተለመደ ነው፤ ትሉ የሚያድገው በውሻው አንጀት ውስጥ ሲሆን፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅና ወደ ምግብ ይደርሳል። ከረጢቱን ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አርቆ መቅበር ዑደቱን ይቆርጠዋል።