የግጦሽ አጥር በሰሜን ሸዋ፦ ከካብ እስከ ኤሌክትሪክ ሽቦ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አጥር እንደ አገሩ ነው። መንዝ ላይ ካብ ነው፤ ድንጋይ ያለ ጭቃ በእጅ እየተመረጠ ይደረደራል፤ በጉን ከገብሱ ይለያል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የባህር ዛፍ አጣና ይበዛል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ የግራር እሾህ ይመጣል። የኤሌክትሪክ አጥር ለከብት ገና አልተለመደም። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ የቪላ ግንብ ላይ የሚዘረጋውን ሽቦ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ሌላው ነው፤ በግ፣ ላምና ውሻ ስለሚከለልበት።

መንዝ ያለ አጥር ግጦሽ በመጠበቅ የሚስተካከለው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጓሳ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ደጋ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአጽመ ርስት፣ ማለትም ለዘር በሚተላለፍ የጋራ ይዞታ፣ ያዙት፤ ዘመኑም 17ኛው መቶ ዓመት ነው ይባላል። ልጆቻቸው በየደብሩ ተከፋፍለው አለቃ እየመረጡ ጠበቁት። ጓሳው እንደ ሣሩ ሁኔታ ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨድ ነበር፤ ከዚያ በበጋ ከብቱ ይገባ ነበር። ክረምት ሲይዝ፣ ሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ሳያልፍ፣ ከብቱ ይወጣ ነበር። ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣ ነበር፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። አንድም ሽቦ አልተዘረጋም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ አጽመ ርስቱ ቀረ። ጓሳው ግን ዛሬም በማኅበረሰቡ ይጠበቃል።

የኤሌክትሪክ አጥር ከኒውዚላንድ ጋር ስሙ ይያያዛል። እዚያ ቢል ጋላገር የሚባል ሰው በ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ፈረሱ መኪናውን እየታከከ ቢያስቸግረው መኪናውን ኤሌክትሪክ አስያዘው። ከዚያ ሐሳቡ ወደ አጥር ሄደ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሽቦው ከአንድ ማሽን ጋር ይገናኛል፤ ማሽኑ በየሰከንዱ ገደማ አንዴ ንዝረት ይለቃል። ቮልቱ ከ5,000 ሊያልፍ ይችላል፤ የሚቆየው ግን ከሰከንድ አንድ ሺኛ በታች ነው። ስለዚህ ያስደነግጣል እንጂ በአብዛኛው አይገድልም። በሬው ሽቦውን በአፍንጫው ይነካል፤ ንዝረቱ በሰውነቱ አልፎ መሬት ይገባል፤ በመሬት ዞሮ ማሽኑ ጋ ይመለሳል። መንገዱ አንድ ቦታ ከተቋረጠ አጥሩ ተራ ሽቦ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ገንዘቡን ማሽኑ ላይ ያፈስና ግራውንዱን፣ ማለትም ንዝረቱ ከመሬት ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን ዘንግ፣ ይረሳል። ቢያንስ 3 የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ ብረት) ዘንግ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 2 ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይገባል፤ በመካከላቸው 3 ሜትር ይተዋል። ከቤቱ መብራት ግራውንድ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። መንዝ ላይ ግን አፈሩ ስስ ነው፤ ዘንጉ ትንሽ ገባ ሲል ዓለት ይነካል። ያኔ በመዶሻ መታገል አያዋጣም። ወደ ምንጩ ወይም ወደ ረግረጉ ወርዶ መትከል፣ ከዚያ በሽቦ ወደ ማሽኑ መሳብ ይሻላል። አጫጭር ዘንጎችን ማብዛትም ይረዳል። ጥር ላይ ውርጩና ፀሐዩ መሬቱን ሲያደርቁት ንዝረቱ ይደክማል። አንድ ባልዲ ውኃ ዘንጎቹ ሥር አፍስሶ የሽቦውን ቮልት መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ግራውንዱ ነበር ማለት ነው። ለደረቅ ቦታ ሌላ ዘዴ አለ፦ አንዱን ሽቦ ንዝረት ማስያዝ፣ ቀጣዩን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት። በጉ ሁለቱን አንድ ላይ ሲነካ መሬቱ ባይተባበርም ይመታዋል።

መብራት በሌለበት በሶላርና በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ማሽን ይመረጣል። ጣርማ በር አካባቢ ክረምት ጉሙ አይገለጥም፤ ባትሪው ተለቅ ያለ ይሁን።

ለላም ከመሬት ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ የተዘረጋ አንድ ሽቦ ሊበቃ ይችላል። በግ ሌላ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ፀጉሩ ደግሞ በርኖስና ባና የሚወጣው ወፍራም ፀጉር ነው፤ ንዝረት አያሳልፍም። የታችኛው ሽቦ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ካልሆነ ሹልክ ይላል። ከላዩ 3 ሽቦ ይጨመራል። ጥሩው ጊዜ ከሸለታ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንሽ በረት ውስጥ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ አንዴ በአፍንጫው ከቀመሰ አይረሳም። ሽቦው አጣናውን በቀጥታ አይንካ፤ ዝናብ የጠጣ ባህር ዛፍ ንዝረቱን ወደ መሬት ይስባል። በየምሰሶው ንዝረት የማያሳልፍ የሽቦ መያዣ ስኒ ይደረግ።

ለውሻ የታችኞቹ ሁለት ሽቦዎች ይበቃሉ። ሽቦው ተቀብሮ ውሻው አንገት ላይ መሣሪያ የሚታሰርበት ዓይነትም አለ። ለእኛ አገር አልመክረውም፤ ውሻውን ግቢ ያስቀራል፣ ጅቡን ግን አያስቆምም። ለሌሊት ከካብ በረት የሚሻል የለም።

አንድ ነገር ያለ ማወላወል መባል አለበት። የቤት መብራት፣ 220 ቮልት፣ በቀጥታ ሽቦ ላይ አይቀጠልም። ሰው ይገድላል። ንዝረት በእሾህ ሽቦም አይለቀቅ፤ የተያዘ ሰው ወይም እንስሳ መላቀቅ ያቅተዋል። መንገድ ዳር ምልክት ይሰቀል፤ ለእረኞቹ ልጆችም ይነገራቸው። መብረቅ ሲያስፈራ ማሽኑ ከአጥሩ ይነቀል።

አጥሩ ሲደክም ሲመሽ ጠብቆ በሽቦው ዳር መሄድ ጥሩ ነው። ጣ፣ ጣ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በጨለማው ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያለው ከዝናብ በኋላ ያደገ ሣር ነው። ማሽኑን አጥፍቶ ሣሩን በማጭድ ማጨድ፣ ከዚያ እንደገና መለካት።