የጎንደር ዘመን ሥዕልና ትምህርት

የጎንደር ዘመን ሲባል ዐፄ ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆሩበት ከ1636 አንስቶ ዘመነ መሳፍንት እስከጀመረበት እስከ 1769 ድረስ ያለው ጊዜ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ድንኳን እየተከሉ ነበር የሚገዙት። ዕውቀቱን ይዘው የቆዩት ገዳማት ናቸው። ጎንደር ላይ ግን ቤተ መንግሥቱ ተቀመጠ፤ ሠዓሊውም፣ ጸሐፊውም፣ መሪጌታውም ወደዚያው ጎረፈ።

ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ገደማ በሚረዝም አጥር የተከበበ ነው። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ማን ሠራው የሚለው ጭቅጭቅ መቼም አያልቅም። አንዱ ፖርቱጋል ይላል፣ አንዱ ሕንድ ይላል። በኖራ መገንባት በፋሲል አባት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን አገር ውስጥ ሳሉ መጀመሩ እውነት ነው። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እጅ እንዳለበትም ይነገራል። ያሠራው ግን ማን እንደሆነ ማንም አይከራከርም።

ወደ ሥዕሉ እንምጣ። አጥኚዎች በሁለት ስልት ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ስልት ቀለሙ ደማቅ፣ መደቡ (ከምስሉ ጀርባ ያለው ቀለም) ግልጽ፣ የፊቱና የልብሱ መስመር ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ስልት በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጎልቶ ወጣ። ፊቱ በጥላ ሥጋ ለበሰ፣ ልብሱ አበባ በአበባ ሆነ፣ መደቡም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይ ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይለወጣል። አንዱን ካንዱ ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ከቅዱሱ ጀርባ ያለውን ቀለም ማየት ነው። በሁለቱም ደጉ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ያያል። ክፉው በጎን ይሳልና አንድ ዐይን ብቻ ይደርሰዋል።

ሠዓሊዎቹ ከውጭ አላዩም ማለት አይደለም። ሮም ውስጥ በ1590 ገደማ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች እጃቸው ገብተው ነበር። ሆኖም የፈረንጁን ምስል ወስደው የአገራቸውን ሰው ልብስና ፊት ሰጡት። ብዙው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። ይህ ነገር በኋላ መዘዝ አመጣ፤ እመለስበታለሁ።

ምንትዋብን አልፎ መሄድ አይቻልም። የቋራ ልጅ ናቸው። በ1730 ባላቸው ዐፄ በካፋ ሲያርፉ ከሕፃን ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጫኑ። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን ከነቤተ መንግሥቱ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ የናርጋ ሥላሴም የእሳቸው ሥራ ነው። እዚያ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ቁስቋም በ1770 ስኮትላንዳዊውን ጄምስ ብሩስን አስተናግዳለች። ሰውየው ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ብዙ ብራና ይዞ ሄደ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት ታላቁ ኢያሱ ናቸው። ጣሪያው ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ነው፤ ቆጣሪው በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩም ይለወጣል። የመጀመሪያው ሕንፃ በመብረቅ ተቃጥሎ አሁን ያለው በኋላ እንደተሠራ ይነገራል። በ1888 የሱዳን ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን ንብ አዳነው ይባላል። ንቡን ያላመነ ሰው፣ ቁስቋም ተቃጥላ ይህ ለምን ቆመ የሚለውን ይመልስ።

ትምህርቱ ከግንቡ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል። ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋም (በከበሮና በጸናጽል ማሸብሸብ)፣ ከዚያ ትርጓሜ መጻሕፍት። በቅኔ ዋድላና ዋሸራ ስመ ጥር ናቸው፣ አይካድም። አቋቋም ከተባለ ግን የጎንደሯ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ነች። አንድምታውም፣ ማለትም የመጻሕፍቱ ትርጓሜ፣ የጎንደር ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም። መምህሩ የግእዙን ቃል ያነብና በአማርኛ ይፈታል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ትርጉም ይጨምራል፤ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉት። ታች ቤትን ያቀኑት መምህር ኤስድሮስ ናቸው ይባላል። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነው ቆሎ ተማሪ ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዘዋል።

በዘመነ መሳፍንት ከተማዋ ደከመች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ሲያቃጥሏት የአድባራቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘና 350 ገደማ ብራና ለንደን ገባ። የጎንደርን መጽሐፍ ማየት የፈለገ ተመራማሪ ዛሬም እዚያ ይሄዳል።

የጨርቁ መዘዝ ደግሞ ይኸውላችሁ። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ ጉዞ ቡድን ጎንደር መጣ። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን ላጠና በምትካቸው ራሱ ያሣላቸውን ቅጂዎች ለጠፈ። ዋናዎቹ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።