ኮልድ ብሩ እና አይስ ኮፊ፦ የቤት ውስጥ አዘገጃጀት

ብርጭቆ ውስጥ ሲታዩ ኮልድ ብሩ እና አይስ ኮፊ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው። የሚለያዩት በውሃው ሙቀት ነው። አይስ ኮፊ በሙቅ ውሃ ከተዘጋጀ በኋላ የሚቀዘቅዝ ቡና ነው። ኮልድ ብሩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሳት አያየውም። ሙቀት በደቂቃዎች የሚያወጣውን ጣዕም ቀዝቃዛ ውሃ የሚያወጣው በሰዓታት ነው።

ለኮልድ ብሩ ቡናው ገርደፍ ተደርጎ ይፈጫል። የላመ ከሆነ ማጥለያውን ይደፍናል፣ ቡናውንም ያደፈርሰዋል። 100 ግራም ቡና በ800 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል። ደረቅ ዱቄት እንዳይቀር በደንብ ይማሰላል። ከዚያ ዕቃው ተከድኖ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ከፍሪጅ ውጭ ቶሎ ይደርሳል፤ እኔ ግን ፍሪጁን እመርጣለሁ። ውሃው ስላልፈላ ጀርም የሚገድልልን ነገር የለም። ስለዚህ ዕቃው ንጹህ መሆን አለበት፣ አደራ።

ሲደርስ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በወረቀት ፊልተር ወይም በንጹህ ጨርቅ ይጠለላል። አተላው የክብደቱን እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀር የሚገኘው ቡና 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይሄ ብቻውን ለመጠጣት ይከብዳል። በውሃ ወይም በወተት ይቀጠናል፤ እኩል በእኩል ጥሩ መነሻ ነው። ሳይቀጥን ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል።

አይስ ኮፊ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገረው በበረዶው ነው። እንደወትሮው የተዘጋጀ ትኩስ ቡና በረዶ ላይ ሲፈስ በረዶው ይቀልጥና ቡናው ውሃ ውሃ ይላል። መፍትሄው በረዶውን ከውሃው ጋር አብሮ መቁጠር ነው። ለምሳሌ ለ30 ግራም ቡና በጠቅላላው 500 ግራም ውሃ ቢያስፈልግ፣ 300ው ሙቅ ውሃ፣ 200ው በረዶ ይሆናል። በረዶው ከታች ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ ፊልተሩ ላይ ባለው ቡና ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ቀስ እየተባለ ይፈስበታል። ቡናው በቀጥታ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል። ሲያልቅ በረዶው ከሞላ ጎደል ቀልጧል፤ መጠኑም ልክ ይመጣል። ለብርጭቆው ሌላ በረዶ ይጨመራል።

ይህ ዘዴ ከሁሉም በላይ የምወደው ለሽታው ነው። ቡናው ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ መዓዛው ተኖ አይጠፋም። ጠረጴዛ ላይ ተትቶ በራሱ የቀዘቀዘ ቡና ግን ለዛው ይጠፋል።

ጣዕማቸውም ይለያያል። አይስ ኮፊ የፍራፍሬ ቃና እና ደስ የሚል ኮምጣጣነት አለው፤ ብዙ ላልተቆላ ቡና ይስማማል። ኮልድ ብሩ ለስላሳ ነው፣ ምሬቱም ይቀንሳል። ጠቆር ብሎ ለተቆላ ቡና እና ወተት ለሚወድ ሰው እሱ ይሻላል።

ኮልድ ብሩ አሲድ የለውም የሚባለው ግን የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በሙቅም በቀዝቃዛም ውሃ የተዘጋጁ ቡናዎች ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ4.85 እስከ 5.13 እንደሆነ አሳይቷል። ሙቁ በጠቅላላ የአሲድ መጠን በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው በስሙ ብቻ ተማምኖ አይጠጣው። በካፌይንም እንደዚያው ነው። ኃይሉን የሚወስነው የቡናው እና የውሃው መጠን እንዲሁም ምን ያህል እንደቀጠነ ነው።

ስኳር የሚጠቀም ሰው ደግሞ በቀዝቃዛ ቡና ሲያማስል አይዋል፤ ስኳሩ ታች ይዘቅጣል። እኩል ስኳር እና ሙቅ ውሃ አሟሙቶ ሽሮፕ መሥራት ለሁለቱም ያገለግላል።