ፊዚካል ቴአትር ምንድን ነው?

በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ እምቦጭ ትነቅላለች። ሥሩ ከሌላው ሥር ጋር ስለተጠላለፈ አንዱን ስትስብ ብዙው ይከተላል። ወገቧ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ተረከዟ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ይህንኑ መድረክ ላይ እናምጣው። ውሃም እምቦጭም የለም፤ የምትስበው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወለል ላይ የተቀመጡ አምስት ተማሪዎችን ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው ከባድ ሥራ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን አምስቱ ሰዎች ዕዳ፣ ቤተሰብ ወይም ያልተረሳ ቂም መምሰል ይጀምራሉ፤ ይህን በቃል የነገረው ሰው የለም። ፊዚካል ቴአትር የሚባለው ይህ ነው፤ የታሪኩን ዋና ሸክም የተዋናዩ ሰውነት፣ ክብደቱ፣ ትንፋሹና ከሌሎች ጋር ያለው ርቀት የሚሸከሙበት ቴአትር።

«አካላዊ ቴአትር» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ነገር ግን «አካላዊ» ሲባል ብዙ ሰው ጆሮ ላይ የሚደውለው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ስለሆነ እዚህ የተለመደውን የውሰት ቃል እንያዝ።

በመጀመሪያ ከጎረቤቶቹ እንለየው። ፓንቶማይም አይደለም፤ ፓንቶማይም የሌለ ግድግዳ እንዳለ ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል፣ ፊዚካል ቴአትር ግን ግድግዳ ቢያስፈልገው ሦስት ሰው አቁሞ ግድግዳ ያደርጋቸዋል፣ ከዚያም ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። ውዝዋዜም አይደለም። እስክስታ የራሱ ምትና ደስታ አለው፤ ለመታየት ምክንያት አያስፈልገውም። እዚህ ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ «ማን፣ ምን ፈልጎ፣ ምን ከልክሎት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል። ዝምታም ግዴታ አይደለም፤ ንግግር፣ ሙሾ፣ ቀረርቶ ሊገባበት ይችላል። ቃሉ ግን መሪ አይሆንም።

ሥሩ ብዙ ነው። አዘጋጁ ሜየርሆልድ ሩሲያ ውስጥ ተዋናይን በእንቅስቃሴ ትምህርት አሠለጠነ፤ የማይም መምህሩ ኤቲየን ደክሩ ፈረንሳይ ውስጥ ፊትንና እጅን ሳይሆን ግንድን፣ ማለትም ከአንገት በታች እስከ ዳሌ ያለውን፣ ዋና ተናጋሪ አደረገ። የስፖርት መምህር የነበረው ዣክ ለኮክ በ1956 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ተማሪዎቹ ያለ አዘጋጅ በራሳቸው ትርኢት እየፈጠሩ በየሳምንቱ የሚያቀርቡበት ልማድም የዚያ ትምህርት ቤት ነው። ስያሜው ራሱ በሰፊው የተለመደው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሲሆን፣ በ1986 የተቋቋመው ዲቪኤት (DV8) የተባለ ቡድን ቃሉን ከስሙ ጋር አያይዞ ያዘው።

የአማርኛ ቴአትር ተመልካች ጆሮው የሠለጠነ ነው። ግጥም፣ ቅኔ፣ ነገር በአሽሙር ይወዳል። ስለዚህ ይህ ዓይነት ቴአትር ባዕድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ ሩቅ አይደለም። የሚታየው ሥራ ሰም ነው፣ የሚፈታው ወርቅ። አንጥረኛው መጀመሪያ ሰሙን በትክክል ካልቀረጸ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ አያገኝም። ጀማሪ ቡድኖች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ሰሙን ዘልለው በቀጥታ ወርቁን ለማሳየት ይነሳሉ። «ተስፋ መቁረጥን» በእንቅስቃሴ ማሳየት አይቻልም። የማይከፈት ሻንጣ ሊከፍት የሚታገል ሰው ግን ማሳየት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ አንድ የተማሪዎች ድራማ ክበብ 8 አባላት ይዞ የ15 ደቂቃ ትርኢት መፍጠር ቢፈልግ 8 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ይበቃዋል፤ በድምሩ 48 ሰዓት። ጽሑፈ ተውኔት አስቀድሞ የለም። ድርሰቱ የሚወለደው ከልምምዱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሁልጊዜ ከውጭ ቆሞ ማየት አለበት። አዘጋጅ ከሌለ በየቀኑ እየተፈራረቁ አንድ ተማሪ የውጭ ዓይን ይሁን። ስምንቱም ውስጥ ከገቡ ሥራው ለሠሪዎቹ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፤ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል ግን የሚያውቅ አይኖርም።

ቦታና ሰዓት እንደ ቀላል ነገር አይታይ። የአዳራሾቹ ወለል አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው። ሲሚንቶ ላይ ዝላይ አይለማመዱም፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በሁለት ሳምንት ውስጥ ያማል። ሴራሚክ ላይ ካልሲ ያንሸራትታል፣ ባዶ እግር ይሻላል፤ ወለሉ ግን በየቀኑ መጠረግ አለበት። ሣር ለመውደቅ ምቹ ቢሆንም ጉድጓዱን ሸፍኖ ቁርጭምጭሚት ያዞራል፤ አስቀድሞ በእግር መዳሰስ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ውጭ መሥራት ጉልበት ይጨርሳል፤ ሲመሻሽ ደግሞ ቢንቢው ይነሳል። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድበው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር አይሰማም። ይህ ችግር ባለውለታ ነው፤ ቡድኑ በትንፋሽ አብሮ መነሳትን ሳይወድ በግዱ ይማራል።

ከሁለቱ ሰዓት የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ለማሟሟቅ ነው። ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ጉልበት፣ ዳሌ፣ አከርካሪ፣ ትከሻ፤ አንገት በመጨረሻ፣ ያውም ሙሉ ሳይዞር ግራና ቀኝ ብቻ። ቀጥሎ 30 ደቂቃ የኅብረት ልምምድ፣ 50 ደቂቃ ፈጠራ፣ 15 ደቂቃ ማሳየት፣ የቀረችው 5 ደቂቃ ሰውነት ማቀዝቀዣ። ለውይይት የተለየ ሰዓት አለመኖሩ ሆን ተብሎ ነው። ተማሪ ሲቀመጥ ይከራከራል፣ ሲከራከር ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ሐሳብ ያለው ተነስቶ ያሳይ።

ከኅብረት ልምምዶቹ አንዱን ብቻ እንያዝ። ለኮክ መድረኩን በአንድ ነጥብ ላይ እንደቆመ ገበታ ቆጥሮ ማመዛዘንን ያስተምር ነበር። ጣና ዳር ላለ ቡድን ገበታውን ታንኳ ማድረግ ይቀላል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከሄደ ይገለበጣል። ስምንቱ ወለሉን ሞልተው ይራመዳሉ፣ «ቁም» ሲባል ቆመው ክፍተቱን ያያሉ፤ የከበደው ወገን የት እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ሲለመድ አንዱ ለብቻው ወደ አንድ ጫፍ ይሄድና ሰባቱ በተቃራኒው ጫፍ ተሰብስበው ይመዝኑታል። አንድ ሰው ሰባት ሰው ሲመዝን ዝም ብሎ የሚሆን ነገር አለ፤ ተመልካች ያለ ቃል ንጉሥ፣ ተከሳሽ ወይም ሙሽራ ያያል።

ሌላው ጠቃሚ መሣሪያ ከዚያው ትምህርት ቤት የመጣው ሰባቱ የውጥረት ደረጃዎች ነው። አንድ፣ አጥንት የሌለው ያህል የደከመ። ሁለት፣ ሐይቅ ዳር ቡናውን ይዞ የተዝናና። ሦስት፣ ለሥራው ከሚበቃው በላይም በታችም የማይንቀሳቀስ። አራት፣ ስልኩን የት እንዳስቀመጠ የሚፈልግ ንቁ ሰው። አምስት፣ ከበሩ ጀርባ ኮቴ የሰማ። ስድስት፣ ለቅሶ ላይ ደረቷን የምትደቃ ወይም የሚፎክር። ሰባት፣ ከድንጋጤው የተነሳ የደረቀ። ስያሜውና ምሳሌው ከአሠልጣኝ አሠልጣኝ ይለያያል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይሠራል። ጥቅሙ ቋንቋ መስጠቱ ነው፤ «ስሜት ጨምሪ» ከማለት «ስድስት ላይ ነሽ፣ ሦስት ላይ ጀምሪው» ማለት ይቻላል። የተማሪ ትርኢት ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ደቂቃ ስድስት ላይ ወጥቶ እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም።

ፈጠራው የሚጀምረው ከርዕስ ሳይሆን ከግሥ ነው። «ስደት» ሰፊ ነው፣ ማንም አይሠራውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰው ሲሠራ ይመልከት፤ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የመጣ ባለታንኳ፣ ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከም፣ መናኸሪያ ላይ ሻንጣ የሚጭን። ፊቱን አይጻፍ፣ ግሡን ይጻፍ፤ ሳበ፣ ገፋ፣ ተደገፈ፣ አሸከመ፣ አራገፈ፣ ተንፏቀቀ። ባለታንኳው መቅዘፊያውን ከውሃው ሲያወጣ ክንዱ ያርፋል፣ ሲያስገባ ግን ጀርባው ይቀድማል። ይህ ዓይነት ዝርዝር ከጭንቅላት አይፈጠርም።

ከዚያ ከአምስት ግሥ 8 ቆጠራ ያላት አጭር ሰንሰለት ትሠራለች። ሰንሰለቷ እስክትሸመደድ 20 ጊዜ ያህል ትደገም፤ ገና ስትታሰብ የምትሠራ እንቅስቃሴ ላይ ምንም አይገነባም። ሲያዝ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። በግማሽ ፍጥነት። በጣት ልክ ትንሽ ሆና። ወለል ላይ ተኝቶ። ጀርባ ለተመልካች ሰጥቶ። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ሰንሰለቶቻቸውን ፊት ለፊት ይሠራሉ፣ ሳይለውጡ። አንደኛዋ «ሳበች» ስትል ሌላኛው «ተደገፈ» ላይ ከሆነ ታሪክ ተወለደ ማለት ነው፤ ያንን አጋጣሚ ማጥመድ ነው ሥራው። በስልክ ይቀረጽ፣ ወዲያውም ስም ይውጣለት፤ «ጆንያ»፣ «ሦስቱ ወንበር»። ስም የሌለው ቁራጭ በማግስቱ አይገኝም።

መሸከምና መደገፍ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም። በመጀመሪያ አንድ ሜትር ያህል ቀጭን ዱላ በሁለት ሰዎች መዳፍ መካከል ይያዝና ሳይወድቅ አብረው ይንቀሳቀሱ፤ መነካካት ለሚያሳፍራቸው ወንድና ሴት ተማሪዎች ይህ ጥሩ በር ነው። ቀጥሎ ጀርባ ለጀርባ መደገፍ፣ ከዚያ የሰውነትን ግማሽ ክብደት መስጠት፣ በመጨረሻ ሙሉ ክብደት። የት መያዝ እንደሚቻልና እንደማይቻል አስቀድሞ በግልጽ ይነገር፤ «ዛሬ አልችልም» ማለትም ምክንያት አይጠየቅበት። ተሸካሚው እግሩን በትከሻው ስፋት ከፍቶ ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፣ ጀርባውን ያቀናል፣ ክብደቱን በክንዱ ሳይሆን በዳሌውና በጭኑ ይቀበላል። የሚነሳው ሰው ደግሞ ራሱ መዝለል አለበት፤ እንደ እህል ጆንያ ከተለቀቀ በእጥፍ ይከብዳል። እስኪለመድ ድረስ ሦስተኛ ሰው ከራስና ከትከሻ በኩል ለመያዝ ተዘጋጅቶ ይቁም። ሰዓት፣ ቀለበት፣ ሐብል ይውለቅ፣ ጥፍር ይቆረጥ። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ሲነሳ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ ሁለቱም «አለቀ» ብለው ስለሚላላሉ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የ40 ደቂቃ ያህል ቁርጥራጭ ይከማቻል። እያንዳንዱ ስም በካርድ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ቅደም ተከተሉ ይፈለጋል። ከግማሽ በላይ መጣል አለበት፣ ቆንጆውም ጭምር። ሙዚቃ ከዚህ በፊት አይግባ። ቀድሞ ከገባ ቡድኑ ዘፈኑ እስኪያልቅ መሥራት ይጀምራል፤ ከበሮ ሲሰማም ትከሻ ሳይታዘዝ ወደ እስክስታ ይሄዳል፣ ያኔ ሴትየዋም እምቦጩም ይረሳሉ። በስፒከር ብቻ የተደገፈ ትርኢት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ጭብጨባ፣ የእግር ምትና አንድ ከበሮ ለመጠባበቂያ ይለማመዷቸው። ንግግር የሚገባው ካስፈለገ በሰባተኛው ሳምንት ነው፣ እንቅስቃሴው የተናገረውን እስካልደገመ ድረስ። «ከብዶኛል» የሚል ሰው ጀርባው ቀድሞ ተናግሯል።

ሌሎች ቶሎ የሚታዩ ጉድለቶችም አሉ። ሁሉም ትዕይንት ደርቆ በመቆም ያልቃል። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ወደ ተመልካች ይዞራል፤ ጀርባ የሚያህል ተዋናይ ተረስቶ። ፊት ያለቅሳል፣ እጅና እግር ግን ሥራ ፈትተው ይንጠለጠላሉ። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ለዚህ የመጨረሻው መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሙሉውን ትርኢት አንዴ በእጥፍ ፍጥነት፣ አንዴ በግማሽ ፍጥነት መሥራትና የት መዘግየት እንዳማረ ምልክት ማድረግ።

የባሕር ዳሩን ሙሉዓለም የባህል ማዕከል በመሰለ አዳራሽ የሚያቀርብ ቡድን መድረኩን ቀድሞ ሊረግጠው ይገባል፤ ወለል ላይ ተኝቶ የሚሠራው ሁሉ ከኋላ ወንበር ላይታይ ይችላል። ከመቅረቡ አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ስለ ሥራው ምንም ያልሰሙ አምስት ስድስት ሰዎች ተጠርተው ይዩት። ጥያቄው «ገባችሁ ወይ?» አይሁን፤ ለይሉኝታ ሲሉ «አዎ» ይላሉ። «ምን አያችሁ?» ይባሉ፣ አንድ በአንድ፣ ሌላው ሳይሰማ። አንዱ ዕዳ፣ ሌላው እናቱን፣ ሦስተኛው ድርቅ አየሁ ቢሉ ችግር የለም። «ሰዎች ሲንቀሳቀሱ አየሁ» ያለ ካለ ግን በየትኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ተጠይቆ የዚያ ቁራጭ ካርድ ከግድግዳው ይውረድና ግሡ እንደገና ይፈለግ።