የፍላጻ ኖክ ምንድን ነው?

ፍላጻ ጭራ ላይ የምትሰካው፣ ጫፏ የተሰነጠቀ ትንሽ ፕላስቲክ ኖክ ትባላለች። የደጋኑ አውታር የሚገባው በዚያች ስንጥቅ ነው። ዋጋዋ ከፍላጻው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ጀማሪ ቀለሟን ብቻ አይቶ የሚገዛት።

ኖክ ግን ሁለት ቦታ ልክ መሆን አለባት፦ የፍላጻው ረጅም አካል በሆነው ዘንግም ላይ፣ አውታሩም ላይ። አንዱ ጋ ገጠመች ማለት ሌላው ጋ ትገጥማለች ማለት አይደለም።

የዘንጉ ቀላል ነው። አብዛኛው የካርቦን ዘንግ ቱቦ ስለሆነ ኖኳ ወደ ውስጥ ተገፍታ ትገባለች። ስለዚህ የሚታየው የውስጡ ስፋት ነው፤ 6.2 ሚሊ ሜትር በጣም የተለመደ ነው። በጣም ቀጫጭን የውድድር ዘንጎች ላይ መጀመሪያ የአሉሚኒየም ፒን ይገባና ኖኳ እሱ ላይ ትሰካለች። ሌላ ፍላጻ ከኋላ መጥቶ ቢመታት ኖኳ ትሰበራለች፣ ፒኑ ይጣመማል፣ ውዱ ዘንግ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የእንጨት ዘንግ ከሆነ ጫፉ ይሾልና ኖኳ በሙጫ ትለጠፋለች።

ጣጣው ያለው አውታሩ ጋ ነው። የአውታር ውፍረት በክሮቹ ብዛትና ዓይነት ይለያያል፤ በዚያ ላይ ኖኳ የምታርፍበት መሃሉ ሌላ ክር ይጠመጠምበታል። ሰርቪንግ የሚሉት እሱን ነው። የኖክ ስንጥቅም እንዲሁ አንድ ዓይነት አይደለም። ኢስተን የተባለው የፍላጻ አምራች ጂ ኖክ ለምሳሌ በሁለት ስፋት ይሸጣል፤ ጠባቡ 0.088 ኢንች፣ ሰፊው 0.098 ኢንች። ልዩነቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው። ጣት ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ልክ መሆኗን ለማየት ደጋኑን ወጥረው አውታሩን ወደ መሬት አዙረው በአግድም ይያዙት። ኖኳን ሲያስገቧት ቀስ ብላ “ጠቅ” ትበል። ፍላጻው በራሱ ክብደት ሳይወድቅ ቁልቁል ይንጠልጠል። ከዚያ ከኖኳ ትንሽ ራቅ ብለው አውታሩን በጣት መታ ያድርጉት፤ ያኔ መውደቅ አለበት። አልወድቅም ካለ ጠብቋል፤ ሲለቁትም አውታሩን ሙጥኝ ስለሚል አካሄዱ ይበላሻል። ሳይነኩት ከወደቀ ደግሞ ላልቷል።

ከሁለቱ የምፈራው የላላውን ነው። ስበው ሳለ ኖኳ ሳይታወቅ ከአውታሩ ከወጣች፣ ሲለቁ ደጋኑ ባዶውን ይተኩሳል። ፍላጻው ይዞት መሄድ የነበረበት ኃይል እዚያው ደጋኑ ላይ ይቀራል። ክንዶቹ ሊሰነጠቁ፣ አውታሩ ሊበጠስ፣ ተኳሹም ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔው ኖኳን መሞረድ አይደለም፤ ሲሞረዱ አንዷ ከሌላዋ ትለያለችና። ከጠበቀ ሰርቪንጉን ፈተው በቀጠነ ክር፣ ከላላ በወፈረ ክር ይጠምጥሙት። ከሰርቪንጉ ሥር የጥርስ ማጽጃ ክር ደርበው የሚያወፍሩም አሉ፤ ይሠራል። ሰርቪንግ በአገልግሎት ብዛት ስለሚያልቅ፣ ሲገዙ ልክ የነበረችው ኖክ ከወራት በኋላ ልትላላ ትችላለች። ያቺን የጣት ሙከራ አልፎ አልፎ ይድገሟት፤ በተለይ ሰርቪንጉ መላላጥ ከጀመረ።