ስለ ቀለህ አንገትና ስለ አረር መቃናት፦ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ በተለይ ቶርኖ ቤቶች አካባቢ የኢላማ ተኩስ ወሬ ከተነሳ ክርክሩ ቶሎ አይበርድም። ውጭ አገር ቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቅርፊት) እንደገና ባሩድና አረር ሞልተው የሚወዳደሩ ሰዎች ቪዲዮ ስልኩን ሁሉ አጥለቅልቆታል። አብሮት የሚናፈሰው የተሳሳተ ወሬ ግን ያሳስበኛል። አንዳንዱ ሕይወት ያስከፍላል።

«የትኛውም ቀለህ ተመልሶ ይሞላል።» አይሞላም። እኛ አገር የምናየው የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ብረት ነው፤ ማግኔት ይስበዋል። ሥራው የሚሆነው በናስ ነው፣ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ክልክል ነው።

«አንገቱ አረሩን አጥብቆ በያዘ ቁጥር ተኩሱ ይሰምራል።» አንገት የሚባለው አረሩን፣ ማለትም ተወርውሮ የሚሄደውን ጫፍ፣ የሚይዘው የቀለሁ ጠባብ አፍ ነው። ዋናው ጥብቀቱ ሳይሆን እኩልነቱ ነው። አንዱ ቀለህ አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ከያዘ ግፊቱ ይለያያል። ፍጥነቱም ይለያያል፤ ኢላማው ላይ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። የአንገቱ ውስጥ ከአረሩ በ0.05 ሚሊሜትር ገደማ ቢጠብ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የአንገቱ ግድግዳ በጣም ወፍሮ ጠባብ ክፍል (ጠመንጃው ውስጥ ጥይቱ የሚገባበት ቦታ) ውስጥ ከገባ ደግሞ አረሩን ለመልቀቅ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ያኔ ግፊቱ ይንራል፣ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል።

«አረሩ ጠማማ ቢሆንም ሲከተት ይቃናል።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አረር አንገቱ ወደመራው ይሄዳል። ጥመቱ የሚመጣው ቀደም ብሎ ነው፤ ሲተኮስ የሰፋው ቀለህ ተጨምቆ ወደ ልኩ ሲመለስ፣ አንገቱን ከውስጥ የሚያሰፋው ኳስ ተስቦ ሲወጣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ሊጎትተው ይችላል። የአንገቱ ግድግዳ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ከሆነ ደግሞ ውጩ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ውስጡ ግን ከመሐል ወጥቷል። ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የቶርኖ ሙያ ለባሕር ዳር ባዕድ ስላልሆነ፣ ይህ ለከተማችን ባለሙያ ሰፊ ማብራሪያ አያሻውም። ዘንጉ ከመሐል ያፈነገጠ የጣና ሞተር ጀልባ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃል። መለኪያውም ያው ነው፦ ጥይቱን ደጋፊ ላይ አሽከርክሮ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) ማየት። ከ0.05 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ድረስ ያለ ጥመት ብዙዎች እንደ ጥሩ ይቆጥሩታል። ከዚያ በታች ለማውረድ ከመልፋት ጥሩ አፈሙዝና ጥሩ አረር ይሻላል ባይ ነኝ።

«አንገቱን በስለት ፍቆ ማሳሳት ሁልጊዜ ይጠቅማል።» የሚጠቅመው ክፍላቸው ሆን ተብሎ ለጠበበ የውድድር ጠመንጃዎች ነው። ተራ የፋብሪካ ጠመንጃ ክፍሉ ድሮውንም ሰፊ ነው።

«ናስ አያረጅም።» ያረጃል። በተጨመቀና በሰፋ ቁጥር ይጠነክራል፣ ቅርጹን አልይዝም ይላል፣ በመጨረሻ አንገቱ ይሰነጠቃል። ባለሙያዎች አንገቱን ብቻ አሙቀው ያለሰልሱታል። የቀለሁ መቀመጫ (የታችኛው ጫፉ) ግን ግፊቱን የሚሸከም ስለሆነ እንደጠነከረ መቅረት አለበት። እስከ ታች የጋለ ቀለህ ይጣላል፤ ለሌላ ሰውም አይሰጥም።