ከቤቱ በፊት መሬቱ፦ ስለ ከተማ ዳር ግንባታ የሚነገሩ ስሕተቶች

በከተማ ዳር አዲስ የመኖሪያ መንደር ሲታሰብ ወረቀቱ ላይ ቀድሞ የሚሰመረው ብዙውን ጊዜ መንገዱ ነው። መልክዓ ምድርን መነሻ የሚያደርግ ፕላን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ በመጀመሪያ የውሃው መሄጃ፣ አፈሩ፣ ቁልቁለቱና ዛፉ ይለያሉ፤ ቤቱ ቦታ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን አሠራር የሚያጣጥሉ አባባሎች ግን አያልቁም።

«መሬቱ ባዶ ነው።»

ባዶ የሚመስለው በደረቅ ወቅት ሄዶ ላየው ሰው ነው። ዝናብ ሲጥል ተመልሶ ይየው።

«አረንጓዴው ቤቱ ካለቀ በኋላ ይደርሳል።»

እንዲህ ያለው ጌጥ እንጂ ፕላን አይደለም። ዶዘር ረግጦ ያጠበቀው አፈር ውሃ የመምጠጥ አቅሙን ያጣል፤ ላዩን ሣር ማልበስ ያንን አይመልስም።

«ጎርፍ የቱቦ ጉዳይ ነው።»

ከሁሉም ሥር የሰደደው እምነት ይህ ይመስለኛል። ቱቦ ውሃን አያጠፋም፤ አፋጥኖ ለታችኛው ሰፈር ያስረክባል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በዴቪስ ከተማ፣ ከ1975 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የተገነባው ቪሌጅ ሆምስ በ28 ሄክታር ገደማ ላይ 240 ያህል ቤቶች ይዟል። አልሚዎቹ የዝናቡን ውሃ በተቀበረ ቱቦ ፋንታ በቤቶቹ መካከል በሚያልፉ ሣር ለበስ፣ ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች ለቀቁት። ውሃው እየተገታ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። የከተማው ባለሙያዎች ሐሳቡን ተጠራጥረውት ነበር፤ ቦዮቹ ግን ሠሩ፤ ከቱቦ የተረፈው ገንዘብም መንደሩን ለማልማት ዋለ።

«የቤቱ ቁጥር ይቀንሳል።»

ቤቶቹ ሁሉ በእኩል ቁራጭ መሬት ላይ ይበተኑ ከተባለ፣ አዎ። ረባዳውን ለውሃው ትቶ በጠንካራው መሬት ላይ አቀራርቦ መሥራት ብዙውን ይመልሰዋል። ጥቂት ቤቶች ከቀሩም የቀሩት ረግረግ ላይ ሊቆሙ የነበሩት ናቸው።

«ዛፉን ካልቆረጥነው በቂ ነው።»

በብሪታንያ የግንባታ ደረጃ መሠረት ለሥሩ የሚከለለው ክበብ ራዲየስ የግንዱ ዲያሜትር 12 እጥፍ ነው። ግንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በየአቅጣጫው 7.2 ሜትር ማለት ነው። በዚያ ክበብ ውስጥ አሸዋ የጫነ መኪና ሲመላለስ ቅጠሉ ወዲያው አይረግፍም። ቤቱ ተሸጦ፣ ነዋሪው ገብቶ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ዛፉ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል፤ ያኔ በሽታ መታው ይባላል።